አሥራ አምስቱ ከውስጥ ነው ከውጭ?

የአገራችን መምህር ሥራ ሲለቅ «ሻማ ነበርኩ፤ ለሌላው እያበራሁ ቀለጥኩ» ማለት ይጠበቅበታል። በሽኝቴ ቀን ሦስት ሰዎች እየተነሡ ስለ እኔ ይህንኑ ተናገሩ። እኔ ግን አልቀለጥኩም፤ እንዲያውም ወፍሬ ነው የወጣሁት። አገና ጀምሬ፣ ቡታጅራ ሰንብቼ፣ ወልቂጤ ላይ ጠመኔዬን እስካስቀምጥ ድረስ በሥራው እንደ እኔ የተደሰተ ሰው ካለ ይምጣና እንከራከር። ስለ ደሞዝ አላወራም፤ አጭር ርዕስ ነው።

አሁን ከወንድሜ ጋር የብረት በርና መስኮት እናሠራለን። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በቦታዬ የተተካው ወጣት መምህር ነው። መጽሐፎቼን ሳስረክበው በአንደኛው ጀርባ የተለጠፈችውን ገጽ አየና፣ «ይቺንስ ይጣሏት ቲቸር፤ ስልክ ይሠራዋል እኮ» አለኝ። ስልክ ይሠራዋል! ስልክ ስንቱን ሠርቶ ስንቱን ሰው ሥራ አስፈትቶ እንደሆነ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። ጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው።

ገጿ የባይኖሚያል ሰንጠረዥ ናት። ለማያውቃት ላስተዋውቅ። ሳንቲም ሃያ ጊዜ ብትወረውሩ ጎፈር የሚወድቀው ከአምስት ጊዜ የማይበልጥበት ዕድል ስንት ነው? በእጅ ለማስላት ወረቀትም ትዕግሥትም ይፈጃል። ሰንጠረዡ ሥራውን ጨርሶ ይጠብቃችኋል። በግራ በኩል ስንት ጊዜ እንደወረወራችሁ፣ ቀጥሎ የጎፈሩ ብዛት፣ ከላይ ደግሞ የአንዱ ውርወራ ዕድል ተጽፏል። የሳንቲም ዕድል ግማሽ ስለሆነ ዓምዱ የመጨረሻው ነው፤ የቀኙ ጠርዝ፣ የተማሪ አውራ ጣት ያደበዘዘው። ማስመሪያ ታጋድማላችሁ፣ ጣታችሁን ታወርዳላችሁ፣ የሚገናኙበት ላይ መልሱ አለ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። የእኛ ሰንጠረዥ የሚሰጣችሁ የአንዷን ረድፍ ዕድል ብቻ አይደለም፤ ከዜሮ ጀምሮ እስከዚያች ረድፍ ያለውን ሁሉ ደምሮ ነው። ይህቺ «እስከ» የምትባል ነገር ስንት ሰው እንዳሳሳተች ብነግራችሁ አታምኑኝም።

(ልጆቹ ዛሬም «ዘውድ ወይስ ጎፈር» እያሉ ነው የሚወረውሩት። ዘውዱ ከሳንቲሙ ላይ ከወረደ ቆይቷል፤ ከአፋችን ግን ማን ያውርደው።)

አገና ላይ የመጀመሪያ ዳይሬክተሬ ሪፖርት የሚወድ ሰው ነበር። በእሱ ዘመን ሰንጠረዥ ማለት ያልተሠራ ሥራ የሚቀበርበት ሣጥን ይመስለኝ ነበር። ከዚህ ጥላቻ ያዳኑኝ ቡታጅራ ላይ ያገኘኋቸው ጋሽ ነስሩ ናቸው።

ጋሽ ነስሩ የመስቃን ሰው ናቸው። እጃቸው ላይ ጠመኔ፣ ኪሳቸው ውስጥ የአንድ ብር ሳንቲም አይጠፋም። ክፍል ሲገቡ «አሰላሙ አለይኩም፤ ለቀራችሁትም እንደምን አደራችሁ» ይላሉ። እኔ አዲስ ስለነበርኩ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እንድመለከት ተመደብኩ። ወር ሳይሞላኝ ከተማሪዎቹ እኩል እጄን ማውጣት ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ልማዳቸው ሆድን መጠየቅ ነው። ማንም ሰው ሳይገምት ሰንጠረዡን አይገልጥም። «ከአሥር ውርወራ ሰባትና ከዚያ በላይ ጎፈር። ሆድህ ምን ይላል?» ልጁ «ከመቶ አርባ» ይላል። «ግለጥ!» ይገልጣል፤ ከመቶ አሥራ ሰባት። «አየህ፣ ሆድህ ለጋስ ነው፤ ሰንጠረዡ ቆንቋና ነው። ሁለቱን አስታርቃቸው።» ስልኩ ይህን አይጠይቅም። ለዚህ ነው ስልኩን የምጠላው፤ ሳትገምት መልስ የሰጠህ ነገር ስትሳሳትም አይነግርህም።

ሁለተኛው ልማዳቸው በሩ ነው። አራት ውርወራ ከሆነ አምስት ልጆች ያስነሣሉ፤ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት የሚል ቁጥር ይሰጧቸዋል፤ ሁሉንም ከክፍሉ በር ውጭ ያሰልፏቸዋል። ከዚያ ይጮኻሉ።

«ቢያንስ ሦስት ጎፈር! ማን ይገባል?»

አራት ቁጥር ዘው ይላል። ሦስት ቁጥር ደፉ ላይ ቆሞ ያመነታል።

«አንቺ ሦስት! ከውስጥ ነሽ ከውጭ?»

«አላውቅም ቲቸር።»

«ሦስት ያገኘ ሰው ቢያንስ ሦስት አላገኘም?»

«አግኝቷል።»

«ታዲያ ግቢያ! ብርድ ላይ ማን አቁሞሽ ነው?» ክፍሉ ይስቃል። «አሁን ውጭ የቀሩት እነማን ናቸው? ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት። ሰንጠረዡ የሚያውቀው እነሱን ነው። የሁለትን ረድፍ አንብቡ፤ ከአንድ ቀንሱት። የቀረው ውስጥ ያለው ነው።»

ይህ በር ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን በአማርኛችን ላይ የተተከለ በር ነው። «ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ» የሚል ማስታወቂያ ያየ የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ሰተት ብሎ ይገባል፤ የሚመልሰው የለም። «ከአራት በላይ ልጆች አሉት» የተባለ ሰው ግን አምስት ወይም ስድስት ነው ያለው። አንዱ «በላይ» ቁጥሩን ያስገባል፣ ሌላው ያስወጣል። የመማሪያው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ሁለት የተለያየ አባባል አለው፤ እኛ ስናስረዳ ሁለቱንም «ከ… በላይ» ብለን እንገላገላለን። የእኛ ተማሪ ደግሞ ቤቱ ጉራግኛ፣ ግቢው አማርኛ፣ ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነው። ምስኪኗ ሦስት ቁጥር ሦስት ቋንቋ ስታቋርጥ አንዱ ደፍ ላይ ብትቀር ምን ይገርማል?

ሦስተኛው ልማዳቸው መስተዋት ይባላል። ሳንቲሙ ትክክለኛ ከሆነ ጎፈርና ዘውድ እኩል ናቸው። ስለዚህ የጎፈሩ ቁጥር ሲበዛባችሁ ዘውዱን ቁጠሩ። ከሃያ ውርወራ አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ጎፈር ማለት አምስትና ከዚያ በታች ዘውድ ማለት ነው፤ የአምስትን ረድፍ ማንበብ ነው። መቀነስ የለ፣ መሳሳት የለ። ይህን ያሳዩኝ ቀን ከደስታዬ ብዛት የቡታጅራን ዋና መንገድ በእግሬ ጨርሼ ቤቴን አልፌ ሄጃለሁ።

አንድ ቀን አንድ አባት ተቆጥተው መጡ። «ልጄ ቁማር ትማራለች አሉኝ። ይሄ ሐራም ነው!»

«ወላሂ ሐራም ነው» አሉ ጋሽ ነስሩ።

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ቁማርተኛ ይቺን ገጽ ቢያነብ ቁማር ይተው ነበር። ልጅህ እያነበበች ነው።»

ሰውየው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ የጴንጤ ልጅ አይደለሽም? አባትሽ ያውቃል?»

«አባቴም ከእርስዎ ቀድሞ ጠይቆኛል» አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው አባቴ ቦርሳዬ ውስጥ ሳንቲም በሰማ ቁጥር ይጸልይልኝ ነበር።

ጋሽ ነስሩ ጡረታ ወጡ፤ እኔ ወደ ወልቂጤ ተዛወርኩ። ሥራዬን ሁሉ የሚያህለው ጉዳይ የደረሰብኝ እዚያ ነው።

ወይንሸት የምትባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የአገና ልጅ ናት፤ ወልቂጤ ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ ኪራዩን የሚከፍለው ታላቅ ወንድሟ ነው። እናቷ ታምመው ስለነበር በዚያ መንፈቅ ብዙ ቀን ከክፍል ቀርታለች። መምህር ፍቃዱ የሚባለው ባልደረባዬ የሒሳብ ፈተና አወጣ፤ ሃያ «እውነት ወይም ሐሰት» ጥያቄ። ሳይቀሩ የተማሩት አሥርና አሥራ አንድ ሲያመጡ ወይንሸት አሥራ አምስት አመጣች። ፍቃዱ «ሰርቃለች» ብሎ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ አቀረባት። ከተፈረደባት ዓመቱን ትደግማለች፤ ወንድሟም ከደገመች ወደ አገና እንደሚመልሳት ለሁሉም ነግሯል። የምትመለሰው ለመማር እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ኮሚቴው የሒሳብ ማስረጃውን እንዳረጋግጥ እኔን ጠራኝ። ዳይሬክተሩ አቶ ታምራት ሰብሳቢ ነው። ፍቃዱ ሰንጠረዡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በቀይ ብዕር አስምሮበታል።

«ክፍል ያልመጣች ልጅ ብትገምት እንጂ አታውቅም» አለ። «እውነትና ሐሰት መገመት ሳንቲም መወርወር ነው። ከአሥራ አምስት በላይ የማግኘት ዕድሏ ይኸው፦ ከሺ ስድስት።»

«አሥራ አምስቱ ከውስጥ ነው ከውጭ?» አልኩ።

«የምን አሥራ አምስት?» አለ አቶ ታምራት።

«የልጅቷ። ያመጣችው አሥራ አምስት ነው። ፍቃዱ የአሥራ አምስትን ረድፍ አንብቦ ከአንድ ቀነሰ። የቀረው የአሥራ ስድስትና ከዚያ በላይ ዕድል ነው። ልጅቷን ውጭ ትቶ በሩን ዘግቷል።»

«ከአሥራ አምስት በላይ ነው ያልኩት እኮ!» አለ ፍቃዱ።

«ይሁን፣ አንቀንስ። ዘውዱን እንቁጠር። አሥራ አምስት ያገኘ አምስት ስቷል። የአምስትን ረድፍ አንብብ።»

አነበበ። ድምፁ ቀነሰ። «0.0207።»

«ከመቶ ሁለት» አልኩ። ያሸነፍኩ መስሎኛል።

አቶ ታምራት ግን ፈገግ አለ። «ከመቶ ሁለትም ቢሆን ትንሽ ነው ብርነሽ። ዘጠና ስምንት ከመቶ ሰርቃለች ማለት ነው።»

ከወንበሬ ተነሣሁ። ብዙ የተማሩ ሰዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ ነው ይህ፤ በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ዳኞች ሳይቀሩ ሲወድቁበት አንብቤያለሁ። ሰንጠረዡ የሚለው «የገመተ ሰው አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ የሚያገኘው ከመቶ ሁለት ጊዜ ነው» ነው። «አሥራ አምስት ያገኘ ሰው ዘጠና ስምንት ከመቶ ሌባ ነው» አላለም።

«ዝናብ ሲዘንብ ባጃጅ ይጠፋል» አልኳቸው። «ባጃጅ የጠፋ ቀን ሁሉ ግን ዘንቧል ማለት አይደለም። ቤንዚንም ይጠፋል። ደግሞስ ስንት ልጅ ነው የተፈተነው?»

«ሁለት መቶ አርባ ገደማ።»

«ሁሉም በሳንቲም ቢመልሱ አምስት ያህሉ እዚያ ይደርሳሉ። አምስት ልጅ ልታባርሩ ነው?»

«በወረቀት ላይ ነዋ!» አለ ፍቃዱ።

«በወረቀት? አሁን እናየዋለን!» ብዬ ያልታሰበ ነገር ጀመርኩ። ወደ መምህራን ማረፊያ ወሰድኳቸው። በዚያ የነበሩትን አሥራ ስምንት መምህራን ሁሉ ሳንቲም አስያዝኩ። አንዳንዱ ሻዩን አስቀምጦ፣ አንዳንዱ እያጉረመረመ፣ ሃያ ሃያ ጊዜ ወረወሩ። የስፖርት መምህሩ አሥራ ሦስት ሲደርስ ሁላችንም ከበብነው። ቀጣዩ ዘውድ። ቀጣዩም ዘውድ። እዚያው ቀረ። አሥራ አምስት የደረሰ አንድም ሰው የለም።

ማረፊያው በሳቅ ፈረሰ። የእንግሊዝኛው መምህር «ብርነሽ፣ ሳንቲሞቹም ልጅቷን አያውቋትም» አለኝ። አቶ ታምራት ሰዓቱን አይቶ፣ «ውሳኔው ነገ ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ ይነበባል» አለ። ጆሮዬ እየጋለ ወጣሁ። ስንት ዓመት ያስተማርኩት ነገር በባልደረቦቼ ፊት ጀርባውን ሰጠኝ፤ የልጅቷ ዓመት ደግሞ ከእኔ ጋር አብሮ ሊወድቅ ነው።

ለጋሽ ነስሩ ደወልኩ። ቡታጅራ ዳር በርበሬ ማሳቸው ላይ ነበሩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ስንት ሰው ነው ያስወረወርሽው?»

«አሥራ ስምንት።»

«ሆድሽ ምን አለሽ?»

«ይሳካል አለኝ።»

«ሰንጠረዡን ጠየቅሽው?»

«አልጠየቅኩትም።»

«አየሽ! ሰው ስታስተምሪ ሆድና ሰንጠረዥ፤ ለራስሽ ሲሆን ሆድ ብቻ። በይ አስይው።» በስልክ ላይ እያለን አሰላሁት። ከአሥራ ስምንት ሰው አንድም የማይደርስበት ዕድል ከመቶ ወደ ሰባ ይጠጋል። እንደምዋረድ ሰንጠረዡ አስቀድሞ ሊነግረኝ ይችል ነበር። «ከሐይቅ በኩባያ ቀድተሽ ዓሣ የለበትም ብለሽ ታለቅሻለሽ?» አሉ ጋሽ ነስሩ። «የተፈተኑት እነማን ናቸው? እነሱን አስወርውሪ።»

«እዚያም ማንም ባይደርስስ?»

«ከመቶ አንድም አይሞላ። ቢሆንም ኢንሻአላህ በይ።»

አቶ ታምራትን እግር በእግር ተከትዬ ለመንኩት። ሰልፍ የሚወድ ሰው ስለሆነ በመጨረሻ እሺ አለ። ግን እንዲህ ሲል ነው፦ «ማንም ካልደረሰ ውሳኔው እዚያው ሜዳ ላይ፣ ልጅቷ ባለችበት ይነበባል።»

ሳንቲም ደግሞ ዛሬ ዛሬ ከወልቂጤ ጠፍቷል፤ ባጃጁም መልስ አይሰጥ። ልጆቹ «ቲቸር፣ በቆርኪ እናድርገው» አሉ። ቆርኪ! ቆርኪ በአንድ ጎኑ ያዳላል፤ ሐቀኛ አይደለም፤ ግማሽ የሚባል ዓምድ አያውቅም። እምቢ አልኩ። ከሱቅ፣ ከሚኒባስ ረዳት፣ ከየእናቱ ሣጥን ተለቅሞ ለአንድ ወንበር ልጆች አንድ ሳንቲም ተገኘ። አንዱ ሲወረውር ጓደኛው ይቆጥራል።

ሰንደቅ ዓላማው ተሰቀለ፤ ፊሽካ ነፋሁ። እንዲህ ያለ ጠዋት አይቼ አላውቅም። ሜዳው ሙሉ «ጎፈር!» «ዘውድ!» «ጭቃ ውስጥ ገባ!» «ያ አይቆጠርም፣ ድገም!» ይላል። የጥበቃ ሠራተኛው በሩን ትቶ መጣ። መምህራኑ በመስኮት ተንጠለጠሉ። ወይንሸት ብቻ ከሰልፉ ዳር እጆቿን አጣምራ ቆማለች። አንድ ልጅ ሳንቲም ዘረጋላት፤ ራሷን ነቀነቀች።

«አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ጎፈር ያገኘ ወደ ደረጃው!» ብዬ ጮኽኩ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ፍቃዱ አየኝ። አቶ ታምራት እጁን ውሳኔው ወዳለበት የኮቱ ኪስ ሰደደ። ከመቶ አንድም አይሞላ የተባለው ይህ ይሆን እንዴ?

ከኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ። «ቲቸር፣ አሥራ አምስት ራሱስ ይገባል?»

«ይገባል! ግባ!»

ልጁ እየሮጠ ወጣ። ሌላ ተከተለ። መድረሳቸውን ያላመኑ ሁለት ሴት ልጆች እየተገፋፉ መጡ። ከዚያ አምስተኛው፣ አሥራ ስድስት ያገኘው፣ የመዘምራኑ መሪ፤ በሐሰት ይምላል ብሎ የሚያስብ ሰው በወልቂጤ የለም። ሜዳው ተናወጠ። እኔ ዘልያለሁ መሰለኝ፤ ሲነግሩኝ ነው ያፈርኩት።

አቶ ታምራት አምስቱን ተራ በተራ አየና፣ «ታዲያ እነዚህን ሁሉ ልክሰስ?» አለ። ፍቃዱ ራሱ ሳቀ። ክሱ ተነሣ።

በዕረፍት ሰዓት ወይንሸት ወደ መምህራን ማረፊያ መጣች። ልታመሰግነኝ ነው ብዬ ፈገግታዬን አዘጋጀሁ።

«ቲቸር፣ እኔ ሳንቲም ነኝ እንዴ?»

«ምን አልሽ?»

«ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሲወረውር ዋለ። እሳቸው ሰርቃለች አሉ፤ እርስዎ ገምታ ሊሆን ይችላል አሉ። አጥንታ ነው ያለ አንድ ሰው የለም። እናቴ ራስጌ ተቀምጬ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ለምን አልጠየቃችሁኝም?»

እኔ፣ ባጃጅና ቤንዚን የቆጠርኩት ሴትዮ፣ ያዘጋጀሁትን ፈገግታ መለስኩት። ፍቃዱ ግን ወረቀቷን ከመሳቢያው አወጣ። «እሺ» አለ፤ «የሳትሻቸውን አስረጂኝ።»

«ይሄን አልሳትኩም» አለች ስምንተኛውን እያሳየች። ጥያቄው «ሳንቲም አምስት ጊዜ ቢወረወር ቢያንስ አራት ጎፈር የማግኘት ዕድል 0.1875 ነው» ይላል። እሷ «እውነት» ብላለች፤ ፍቃዱ ኤክስ አድርጎበታል።

«0.0312 ነው የሚሆነው» አለ ፍቃዱ። «የአራትን ረድፍ ከአንድ ቀንሼ።»

«አራቱን ማን አስወጣው?» አለች።

እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ። ፍቃዱ ማስመሪያውን አጋደመ፤ የሦስትን ረድፍ አነበበ፤ ቀነሰ። ደግሞ ቀነሰ። አንገቱ ቀላ። የሁለት መቶ አርባ ልጅ ወረቀት እንደገና ሊታረም መሆኑ ገብቶታል። ግን ፍቃዱ ሰው ነው፤ ኤክሱን ሰርዞ ከላይ «16» ብሎ ጻፈና ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ብርነሽ፣ የአሥራ ስድስትና ከዚያ በላይ ዕድል ስንት ነበር?»

«ከሺ ስድስት።»

«አሁንማ ክሱ ባሰባት!»

ማረፊያው በሳቅ ፈነዳ። ወይንሸት አልሳቀችም። ወንበር ስባ ከፍቃዱ ጎን ተቀመጠችና ወረቀቱን ገለበጠች።

«አሥራ ሁለተኛውንም እንየው» አለች።